አቧራ ምድብ የገባሁበት በጋ

ኅዳር 8 ቀን 2017፣ እሑድ

ገባሁ። አቧራ ምድብ ገባሁ፣ ስሜ ተጻፈ፣ አለቀ። ከዘመነ በቀር ሁሉም እጁን አወጣልኝ።

አሁን እንደምን አመሸሽ ልበልሽ፣ ደብተሬ። ለማተቤ ብነግረው «እሰይ» አለና ወደ ሬዲዮኑ ዞረ። ባሌ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሱዳን የሚያስገባው የገዳሪፍ መንገድ ከተበላሸ ወዲህ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆማለች፣ እሱም እንደሷ ቆሟል። ደስታዬን የምዘረግፍበት ሰው ሳጣ ነው አንቺን ገዝቼ የመጣሁት።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ሐሚዳ ከካርቱም ሸሽታ በገላባት በኩል ድንበሩን የተሻገረች ጊዜ ሰው ሁሉ ፍራሽና ልብስ ተሸክሟል፣ እሷ የሪሞት መኪና የታጨቀባቸው ካርቶኖች ይዛለች። የባሏ ሱቅ ዕቃ ነው። «ልብስ እናንተም ጋ አለ፣ ይሄ ግን የለም» አለችኝ። ከእኔ የባጃጅና የትራክተር መለዋወጫ ሱቅ አጠገብ ቤት ተከራየች፣ ተዋደድን። መኪኖቹ የልጅ መጫወቻ እንዳይመስሉሽ። ክንድ ያህላሉ፣ ሞላ አላቸው፣ ማርሽ አላቸው፣ ይሰበራሉ፣ ይጠገናሉ። ዘመነ ከጉምሩክ መጣ፣ ነርሱ ንብረት ከጤና ጣቢያው፣ አስተማሪዎቹ ተከተሉ፣ ማኅበር ሆነ። ዘመነ ሰብሳቢ፣ ሐሚዳ ዳኛ። እሽቅድምድሙ በሦስት ምድብ ነው፤ አስፋልት፣ አቧራ፣ ድንጋይ።

ዛሬ ዘመነ «ሴቶች ድንጋይ ምድብ ቢገቡ ምን ይመስላችኋል» ብሎ ተነሣ። ሴት ብሎ እኔ ብቻ ነኝ። ሐሚዳ ዳኛ ናት፣ አትነዳም።

«ለእርስዎ ክብር ብለን ነው እትዬ ስመኝ። ድንጋይ ረጋ ያለ ነው።»

«መርጋት ብፈልግ ቤቴ ፍራሽ አለኝ» አልሁት።

በሳቅ ነው ያሸነፍሁ። ምንም ይሁን፣ ገባሁ።

ኅዳር 11

ገበያው ቀዝቅዟል። ስለ ምድቦቹ ልጻፍ። እኔ ሦስቱንም ነድቻለሁ፤ ሱቄ በር ላይ ቆመው የሚከራከሩት ወንዶች ግን አንዱን ይዘው ነው በሦስቱ ላይ የሚፈርዱት።

አስፋልት የምንለው በእውነቱ ሲሚንቶ ነው፣ የባዶው ሰሊጥ መጋዘን ግቢ። መኪኖቹ ዝርግ ናቸው፣ ሆዳቸው መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። አንዴ ከተነሡ የት እንደደረሱ አላውቅም። አንዲት ጠጠር ትገለብጣቸዋለች። ከባድ ነው፣ አልክድም፤ ስሕተትሽን የምታርሚበት ጊዜ የለም። ደስታው ግን በሙቀት ቀን እንደሚጎነጩት ቀዝቃዛ ውኃ ነው፣ ሳታጣጥሚው ወርዷል።

ድንጋይ ተቃራኒው። በጋ በሚደርቀው ወንዝ ውስጥ ከቋጥኝ ቋጥኝ ማውጣት ነው። መኪናዋ ጎማዋ ትልልቅ፣ አካሄዷ የኤሊ፤ ነጂው አጠገቧ እየተራመደ ይነዳታል። ወንዶቹ «የአሮጊት ምድብ» ይሉታል። ቢሞክሩት አፋቸው ይያዝ ነበር። አራቱ ጎማ የት የት እንዳረፈ ካላወቅሽ ተንሸራተሽ ከታች ነው የምትጀምሪ። ትዕግሥት ይጨርሳል። ደስታው ግን ውሎ ያድራል። መኪናዋ ጫፍ ስትወጣ እኔው ራሴ የወጣሁ ይመስለኛል።

አቧራ ሁለት ዓይነት መኪና አለው። በአራቱም ጎማ የምትሄደው ታዛዥ ናት፣ ከስንፍና በቀር አትጥልም። በኋላ ጎማ ብቻ የምትገፋዋ ጠባየኛ ናት። ኩርባ ላይ ቤንዚን ከሰጠሻት (በባትሪ ነው የምትሄድ፣ እኛ ግን ቤንዚን ነው የምንለው) ወገቧን ትወረውርና ፊቷን ወደ መጣችበት አዙራ ትቆማለች። መጀመሪያ መልቀቅ፣ ቀጥሎ ማዞር፣ ከዚያ መስጠት። ደግሞ ወደ አንቺ ፊቷን አዙራ ስትመጣ ግራሽ ቀኟ ነው፤ ይህን እጅ ቶሎ አይለምደውም። የኔ እሷ ናት። ለምን እንደመረጥኋት ይጠይቁኛል። እሷን ስነዳ ሌላ ነገር ማሰብ ስለማልችል ነው። የቆመ መኪና የለም፣ የቆመ ባል የለም፣ ኩርባው ብቻ ነው ያለው።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ልምምድ። ሜዳው የጋሽ ታጠቅ እርሻ ነው፣ ጎንደር ተቀምጠው እዚህ ሰሊጥ የሚያለሙ ሰው ናቸው። የተራገፈውን ማሳ በትራክተር አስደልድለው ሰጡን። ኩርባውን የምናመለክት በባዶ ሂላ ነው። ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ሲቆም ነው ሂላ የምንለው፤ ፍሬው ከተራገፈ ገለባውን ለእኛ ተዉልን። ሕጋችን አንድ ነው፣ ሂላ የነካ ወጣ። እዚህ አገር የቆመ ሂላ ባዶም ቢሆን አይገፋም።

ሦስት ነካሁ።

ፀሐዩ ዘንድሮ ነጭ ሆኗል። ማሳው ነጭ፣ ገለባው ነጭ፣ አቧራው ነጭ። ሌሎቹ ያልነኩት ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ስለቆሙ ነው። እኔም እዚያው ነበርሁ የቆምሁት፣ ቢሆንም።

ኅዳር 19

መኪናዬን ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባኋት። ሐሚዳ «ያ ስመኝ፣ ልትድሪያት ነው?» አለችኝ። ለቁንጅና ነው አልኋት።

ኅዳር 24

ዛሬ የሰማሁት አልወጣልኝ ብሏል። ሱቁ ጓዳ ጎንበስ ብዬ ኩሽኔታ ስፈልግ ሁለት ሴቶች በር ላይ ቆሙ። «ስመኝ እኮ መኪና ከያዘች ወዲህ ኮርታለች። እማማ አሰበችን መንገድ ላይ ትክ ብላ አይታ አለፈቻቸው።»

እማማ አሰበችን። ክርስትና ያነሡኝን። መቼ አየኋቸውና ነው ያለፍኋቸው? ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ኧረ ተነሺ፣ እጄን እንኳ አውለብልቤልሽ ነበር» አሉኝ። ሐሳብ ይዞኝ ነው አልኋቸው። እሳቸው ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ደግሞ የዘንድሮ ሾፌሮች ምን ዓይነት አምፖል ነው የሚገጥሙ? አመሻሽ ላይ የመኪናው መብራት ዙሪያውን ቀለበት እየሠራ ይመጣል። ማተቤን ብጠይቀው «ቀለበት?» አለ። ተወው አልሁት።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ሙሉ ሂላ መታሁ። ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ኅዳር 30

ልጻፈው። ካልጻፍሁት አይለቀኝም።

ከሜዳችን ቀጥሎ ያለው ማሳ ገና አልተራገፈም። ዘንድሮ ከደጋ የሚመጡት ሠራተኞች የጎንደሩም መንገድ ስላስቸገራቸው አልደረሱም፣ ሰሊጡ አፉን ከፍቶ እንደቆመ ነው። ያ ማለት ጣት ቢነካው ይፈሳል። ቀጥታው ላይ ቤንዚን ሰጠሁ፣ ኩርባው ሂላ ገና ሩቅ መሰለኝ፣ አለፍሁት፣ ሄጄ ሙሉውን መታሁት። ነዶው ሲወድቅ ዝናብ የሚመስል ድምፅ አለው። ሁሉም መጥተው የወደቀውን ያቃኑ ጀመር። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

«እንዴት ሳያዩት?» አለ ዘመነ፣ በቀስታ።

«ፀሐዩ ነው» አልሁ።

ፀሐዩ ደመና ውስጥ ነበር። አሁን ነው ያስታወስሁት።

ታኅሣሥ 2

ከሐሚዳ ጋር ሁለት ቀን ተንበርክከን አፈሩን ከነሰሊጡ ጠርገን፣ በወንፊት ነፋን። ጋሽ ታጠቅ መጥተው በላያችን ቆሙ።

«አንቺ ነሽ ሂላ የጣልሽው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ሌሎቹ ሾፌሮች የት አሉ?»

«እነሱ አልጣሉም።»

ሳቅ አመለጣቸው፣ መልሰው ዋጡት። ሰሊጡ ሁሉ ተራግፎ እስኪገባ ማንም በማሳዬ አይነዳ አሉ። ስለዚህ የመጨረሻው ውድድር ወደ ጥር 25 ተገፋ። በኔ።

ሐሚዳ ጎንበስ እንዳለች «ይሄን እኮ ለአንቺ ብቻ ነው የማደርገው፣ ካርቱም እያለሁ መሬት ጠርጌ አላውቅም» አለች። ከዚያ እስኪያመን ሳቅን።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ስብሰባ።

ዘመነ፦ «እትዬ ስመኝ፣ ተቆጥተን አይደለም። ድንጋይ ይግቡልን፣ እኛም እንረፍ፣ ሰሊጡም ይረፍ።»

«ስሜ አቧራ ላይ ነው የተጻፈው።»

«የተጻፈ ይሠረዛል።»

«ወረቀቱን ሠርዘው። እኔን ከሜዳው ስትሠርዘኝ ግን ሰው ይዘህ ና።»

ሐሚዳ ጠረጴዛውን መታች። «ሂላ የነካ ምን ይሆናል?»

«ለዚያ ቀን ይወጣል» አሉ።

«እሷም ወጣች። ቀኑም አለፈ፣ አለቀ። ኻላስ።»

ዘመነ ግን ሞኝ አይደለም። በመጨረሻው ውድድር አንድ ሂላ ከነካሁ ከአቧራ ምድብ ለሁልጊዜው እንድወጣ ጠየቀ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እሺ አልሁ። አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚደርስ።

ታኅሣሥ 10

ነርሱ ንብረት ቤታችን መጣ። ማተቤን ሊጠይቅ መሰለኝ። ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ ድምፁ በመስኮት ይሰማል። «ጋሼ፣ ሞራ ነው። ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ጎንደር ሆስፒታል ያነሡላታል፣ ብዙ ቀንም አይወስድ።» ማተቤ ምን እንዳለ አልሰማሁም።

እኔ ሞራ የማውቀው የበግ ነው። ንብረት ጥሩ ልጅ ነው፣ ነገር ግን አቧራ ምድብ ውስጥ ተወዳዳሪዬ መሆኑን አትርሺ።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ማንም ሳያየኝ ወደ ወንዙ ወርጄ ድንጋይ ሞከርሁ። የሐሚዳን ትልቋን መኪና ተውሼ።

እውነቱን ለአንቺ ብቻ ነው የምናገር፤ በጣም ጥሩ ነበርሁ። መኪናዋ እዚሁ ከእግሬ ሥር ናት፣ ጎማዋ የሚረግጠው ድንጋይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሦስት ቋጥኝ ሳልንሸራተት አወጣኋት። ለሰዓታት ምንም አልመታሁም። በዚህ ምድብ ብገባ አንደኛ ነኝ፣ ዘመነም ጥርሱን ገልጦ ያጨበጭብልኛል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል።

ግን ወዶ መግባትና ተልኮ መግባት አንድ አይደለም። ድንጋይን እወደዋለሁ፤ ዘመነ ያሳየኝ በር ባይሆን ኖሮ ዛሬውኑ እገባበት ነበር። ደግሞ ዛሬ ከድንጋይ ከተጠጋሁ ነገ ከምን ልጠጋ ነው? ከምድጃው? ከግድግዳው? አልጠጋም።

ስመለስ ማተቤ በር ላይ ነበር። የወንዙን ደለል ጫማዬ ላይ አየው። «ወንዝ ወርደሽ ነው?» አለኝ። አዎ አልሁት። ጫማዬን ወስዶ አጠበው።

ታኅሣሥ 30

ትናንት ገና ነበር። ከምሳ በኋላ እንግዳው ሲሄድ ማተቤ ተነሣና «ስሜ፣ ሪሞትሽን ይዘሽ ነይ» አለኝ።

ግቢው ውስጥ በቆመው መኪና ዙሪያ ጀሪካን ደረደረ። ማዶ ሄዶ ቆመ። «እኔ ረዳት ነኝ» አለ። ከባድ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ረዳቱ ወርዶ ና፣ ና፣ ግራ ስበር፣ በቃ እንደሚለው ማለቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲታዘዝለት የኖረ ሾፌር ራሱን ረዳት አደረገ።

«ረዳት አልፈልግም፣ አያለሁ» አልሁት።

«ማን አታዪም አለሽ? ትልቅ ሾፌር ያለ ረዳት አይሄድም። የማዕረግ ነው።»

የማዕረግ ከሆነ ምን ቸገረኝ።

ጥር 3

ጉድ ሆንን። እሱ ፊቱን ወደኔ አዙሮ ነው የሚቆም፤ ግራ ሲለኝ የሱ ግራ ነው። የሱን ስገለብጥ የመኪናዋ ይዞርብኛል። ሦስት ግራ አለ እኮ፤ የሱ፣ የኔ፣ የሷ። ጀሪካኑን ሁሉ ገጨሁት። «ግራ አላልሁሽም?» «የማንን ግራ?» ተጣላን። ሲጣላኝ ደስ አለኝ፤ ከስንት ወር በኋላ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰማሁት።

ጥር 5

ተገኘ። ማተቤ ነው ያገኘው፣ ምሳ ላይ፣ እንጀራው በእጁ እንዳለ።

«ግራም ቀኝም የለም» አለ። «መንገድ ነው የምነግርሽ። ወደ ጎንደር፣ ወደ አብደራፊ፣ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገለጉ።»

ገባሽ? መኪናዋ ፊቷን ወደኔ ታዙር፣ ጀርባዋን ትስጠኝ፣ ጎንደር ያው ፀሐይ መውጫ ነው፣ አብደራፊ ያው በላይ ነው፣ ሱዳን ያው ፀሐይ መጥለቂያ ነው፣ ገለጉ ያው በታች ነው። የእነዚህ አገሮች አቅጣጫ በእንቅልፌም አይጠፋኝም፤ እሱ ሲሄድ ስንት ጊዜ በዚያ በኩል ቆሜ መንገድ አይቻለሁ። ልክ ኩርባው ላይ ስደርስ አገሩን ይጠራል፣ እኔ እለቃለሁ፣ አዞራለሁ፣ እሰጣለሁ። ጎንደር፣ አብደራፊ፣ ሱዳን፣ ገለጉ፣ እንደገና ጎንደር።

ጀሪካኖቹ እንደቆሙ አመሹ።

ጥር 18፣ እሑድ

ሰሊጡ ገብቷል፣ ሜዳው ተከፍቷል። ረዳት እንደምይዝ ነገርኋቸው።

«እንዲህ ብሎ ነገር የለም» አለ ዘመነ።

«ሕጉ አይፈቀድም ይላል?» አለች ሐሚዳ።

«ስለ ረዳት አይናገርም።»

«ታዲያ ከባድ መኪና ያለ ረዳት አይተህ ታውቃለህ?»

«ይቺ ናት ከባድ?»

«ለነጂዋ ከባድ ናት። ኻላስ።»

ዘመነ አየኝ። ብዙ አየኝ። ሊናገረው የነበረውን ያወቅሁ መሰለኝ፣ እሱ ግን አልተናገረውም። ለዚህ አመሰግነዋለሁ፣ እንዳይሰማ ሆኜ።

ጥር 24

መብራት የለም። ማተቤ ባትሪዬን ከከባዱ መኪና ባትሪ ላይ እየሞላልኝ ነው። ሞተሩን አስነሣው። ያ ድምፅ ግቢያችን ውስጥ ሲሰማ ጎረቤት ሁሉ መንገዱ ተከፈተ እንዴ ብሎ ወጣ። ነገ ነው። አንድ ሂላ ከነካሁ አለቀልኝ።

ጥር 25፣ እሑድ

በችኮላ ነው የምጽፍ፣ ጽሑፌ ካልተነበበ ይቅርታ።

ስድስት ሆነን ተነሣን። ሰው ብዛቱ፣ ባጃጆቹ ሁሉ ሥራ ትተው መጥተዋል። እማማ አሰበችም ዣንጥላቸውን ይዘው ወንበር ላይ። ማተቤ ሜዳው መሐል ገብቶ ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ልክ እንደ ረዳት።

መጀመሪያ ሳቁብን። ሰው ሁሉ «አብደራፊ» ሲል ሰምቶ ምንድን ነው ይህ፣ መናኸሪያ ነው እንዴ አለ። ከዚያ አንዱ አስፋልተኛ «ካርቱም» ብሎ ጮኸ። ሌላው «አዲስ አበባ፣ አንድ ሰው የቀረው» አለ። ሰው ፈረሰ በሳቅ። እኔ ቀይዋን እንደ ጭላንጭል ነው የማያት፣ ከኩርባ ወዲያ አቧራው ይውጣታል፣ ሂላዎቹ የሉም፣ ነጭ ውስጥ ነጭ። አንድ ጊዜ ከጫጫታው ብዛት ድምፁ ጠፋኝ። ጣቴን ለቀቅሁ። መኪናዋ ቆመች ማለት ይቻላል፣ ዘመነ አለፈኝ፣ ሌላም አለፈኝ።

ልጥለው አልሁ። እውነቴን ነው፣ ሪሞቱን መሬት ላይ አስቀምጬ ልሄድ ነበር።

«ስሜ። ሱዳን።»

አልጮኸም። ስንት ዘመን በአንድ ትራስ ላይ የሰማሁትን ድምፅ ነው ያወጣው፣ ከጫጫታው በታች የሚሄደውን። ጆሮዬ እሱን ካገኘ በኋላ ሌላውን ተወው። ለቀቅሁ፣ አዞርሁ፣ ሰጠሁ። ገለጉ። ጎንደር። እሷም ጠባይዋ ተመለሰ፣ ወገቧን አልወረወረችብኝም። ሰውም ቀስ በቀስ መሳቁን ትቶ ከማተቤ ጋር ይጠራ ጀመር፣ እሱም እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው፣ ዝም አሉ። ያን ያህል ሰው ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። የመኪኖቹ ድምፅና የባሌ አገሮች ብቻ።

ያለፉኝን በየኩርባው መልሼ አልፌ ሁለተኛ ወጣሁ። ንብረት አንደኛ፣ ዘመነ ከኔ ኋላ፣ በአንድ ክንድ። ሐሚዳ ሂላዎቹን አንድ በአንድ ዞራ አየች። ጋሽ ታጠቅም አብረዋት ዞሩ። «ባለ ቀይዋ አልነካችም» አለች፣ ከዚያ ዳኝነቷን ረስታ እልልታውን ለቀቀችው።

ዘመነ መጥቶ እጁን ዘረጋ። «እትዬ፣ ለሚመጣው ዓመት ለእኔም ረዳት ይፈለግልኝ።»

«የኔ ተይዟል» አልሁት።

ሰው እየዞረ ከሦስቱ ማንኛው ይከብዳል ይለኛል። ከሁሉም የከበደኝ ሂላውም ኩርባውም አይደለም። ሰው ሁሉ እያየ በሌላ ሰው ድምፅ መሄድ ነው። ከሁሉም ደስ ያለኝም ያው ነው።

ጥር 27

በዚህ ሳምንት ከማተቤ ጋር ጎንደር እንወጣለን። ንብረት ቀጠሮ አስይዞልኛል። ጉዳዩ የግል ነው፣ እዚህ አልጽፈውም። ብዙ ቀን አይፈጅም ብሏል።

ዘመነ የሚመጣውን ዓመት ዝርዝር ዛሬ ሱቄ በር ላይ ሲለጥፍ ስሜ አቧራ ላይ ነበር፣ እጅ ሳይወጣ፣ ማንም ሳይጠየቅ። ብዕሩን ተቀብዬ ድንጋይ ላይም ጻፍሁት። ማንም አልላከኝም፣ ወድጄ ነው። አስፋልት ላይም ጻፍሁት። «ሦስቱንም?» አለ። «ቦታ ካነሰህ በጀርባው እጽፋለሁ» አልሁት።

ግብዣውን አሁን ልናገር፣ ስመለስ እንግዳ ፍለጋ እንዳልዞር። በግ ታይቷል፣ ሐሚዳ ሩዙን በካርቱም አሠራር ልትሠራ ቃል ገብታለች፣ እማማ አሰበች ምርቃቱን ይዘዋል። የማኅበሩ ሰው፣ የሳቀብኝም ያልሳቀብኝም፣ «አዲስ አበባ» ያለውም ጭምር፣ ጋሽ ታጠቅም ከነሠራተኞቻቸው፣ ሁላችሁም ቤቴ። ሥራ አለኝ፣ መንገድ ነኝ፣ አላውቅም የሚል ሰው አልሰማም። ጾሙ ሳይገባ፣ የቅበላው ዕለት፣ ኪዳነ ምሕረት፣ እሑድ የካቲት 16።